አቶ ዮና ቦጋለና የመንደር ትምህርት ቤቶቻችን

ውድ የባርኔአ መርከዝ ቅሊጣ ነዋሪዎች፤

በዚህ እትም ስለ አንድ ትልቅ ሰው ልጽፍላችሁ ተነሣሁ፤ ስለ አቶ ዮና ቦጋለ። ስማቸውን የሰማ ብዙ ነው፤ ሥራቸውን የሚያውቅ ግን፣ በተለይ ከኛ ከወጣቶቹ መሀል፣ ጥቂት ነው። እኔም ብሆን እዚህ መጥቼ ኡልፓን እስክገባ ድረስ ከስማቸው በቀር አላውቅም ነበር። ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ዮና የተወለዱት በ1908 ጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ ነው። ወለቃን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። በዚያ ዘመን የኛ ሰው ልጅ የሚማረው የአባቱን ሙያ ነበር፤ እርሻ፣ ሸማ፣ ብረት ሥራ። ዘመናዊ ትምህርት የሚባል ነገር ሩቅ ነበር።

ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች የሚባሉ አይሁዳዊ ምሁር በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ወጣት እየመረጡ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር። ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አቶ ታምራት አማኑኤል ሲሆኑ፣ ተምረው ሲመለሱ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መሩ። ዮናም ልጅ ሆነው እዚያ ገቡ። ቀጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ተላኩ፤ ከዚያም ጀርመን ፍራንክፈርት፣ ስዊስና ፈረንሳይ ተማሩ። እኛ አንዲት ዕብራይስጥ አልይዝ ብላን ስንቸገር፣ የወለቃው ልጅ ያን ሁሉ ቋንቋ እንዴት እንደቻለው አስቡት!

ተምረው ሲጨርሱ እዚያው አውሮፓ አልቀሩም። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በተማሩበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ፈረሰ፤ አቶ ታምራትም ተሰደዱ። በ1941 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የተማረ ሰው ብርቅ ነበርና አቶ ዮና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ያዙ። ያን ጊዜ የመንግሥት ሥራ ማለት የተከበረ ኑሮ፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን ያንን ትተው የወገናቸውን ትምህርት ቤቶች ለመምራት ወጡ። ይህን ስትሰሙ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቤተሰብ ያለው ሰው፣ ደመወዙን ትቶ፣ ገና ላልተሠራ ትምህርት ቤት!

በዚያን ጊዜ ሶኽኑት ከእስራኤል አስተማሪዎች ልኮ አሥመራ ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1955 የመጀመሪያዎቹ 12 ልጆች፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 15፣ በጠቅላላው 27 ልጆች ራዕናና ወደሚገኘው ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተማሩ። ሐሳቡ ተምረው ተመልሰው በየመንደራቸው እንዲያስተምሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ተመልሰዋል። ጎንደር ውስጥ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዋናው አምቦበር ነበር። ይህን ሁሉ የሚከታተሉት አቶ ዮና ነበሩ። አስተማሪ መፈለጉ፣ ደመወዝ ማድረሱ፣ መጽሐፍ መላኩ፣ ውጭ አገር ላሉት ማኅበሮች ደብዳቤ መጻፉ፣ ሁሉም በሳቸው ትከሻ ላይ ነበር።

ታዲያ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ቀነሰ። የአሥመራው ተዘጋ። ከመንደሮቹም ብዙዎቹ ተዘጉ። ልጆቹ ተምረው ሲመለሱ ሊያስተምሩበት የታሰበው ቤት ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። የኔ ወገኖች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ትምህርት ቤቱ የተዘጋው ልጅ ጠፍቶ ወይም አስተማሪ ሰንፎ አይደለም። የሚሠራውን ሰው የሚደግፍ ስለጠፋ ነው።

አቶ ዮና ግን ሥራቸውን አልተዉም። የቀሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች እንዳይሞቱ ይደክሙ ነበር። የአይሁድን የበዓላት መቁጠሪያ በአማርኛ እያዘጋጁ ለወገን ያደርሱ ነበር፤ አንድ ሰው ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከኢየሩሳሌም ጋር እኩል እንዲያውቅ። የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅተዋል። ዛሬ ስልካችንን ነካ አድርገን ትርጉም ስናገኝ፣ ያን ጊዜ አንድ ሰው ቃል በቃል በእጁ ይጽፍልን እንደነበር ማን ያስባል?

በ1973 ዋናው ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አጸኑ፤ በ1975 ደግሞ የመመለስ ሕግ ለኛም እንደሚሠራ መንግሥት ተቀበለ። ኢትዮጵያ ላይ ግን ከ1974 ጀምሮ ደርግ ነበር፤ መንገዱም ዝግ ነበር። አቶ ዮና በ1979 ሰባ ዓመት አልፏቸው ወደ እስራኤል ገቡ። አረፍ ልበል አላሉም። በዚያው ዓመት ካናዳ ሞንትሪያል ላይ በተደረገው የአሜሪካ አይሁድ ማኅበራት ትልቅ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ኢትዮጵያ የቀረውን ወገን እንዲያድኑ ለመኑ።

በ1984 ማብቂያና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ሺዎች ከሱዳን ሲመጡ በዓይናቸው አዩ። በ1987 ግን አረፉ። በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ያመጣውን የሰሎሞን ዘመቻ አላዩም። ከዚያ አውሮፕላን ከወረዱት መሀል ፊደል የቆጠረው ስንቱ ነው በነዚያ የመንደር ትምህርት ቤቶች ያለፈው?

አሁን ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። እዚሁ መርከዛችን ውስጥ አንድ ጎረቤት አለን፤ ስሙን መጻፍ አይወድም። ከኛ ቀድሞ ስለመጣ ዕብራይስጥ ትንሽ ይሻላል። እማማ ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ አብሯቸው የሚሄደው እሱ ነው። የባንክ ደብዳቤ ሲመጣ በሩ ይንኳኳል። ለቅሶ ሲሆን ወንበር የሚሸከመው፣ ሻይ የሚያስፈላው እሱ ነው። ባለፈው ሰሞን ኡልፓን ቀርቶ ሰነበተ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሌሊት የሰው ጉዳይ ሲያነብ አምሽቶ የራሱን ትምህርት መከታተል እንዳቃተው ነገረኝ። አፈርኩ። እኔም ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አስነብቤዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቡና ጠጣ ብዬው አላውቅም።

አገራችን ሳለን ዕድር ነበረን። ዕድር ላይ ዳኛውም ጸሐፊውም ይታወቃሉ፤ ሥራው በተራ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። እዚህ ስንመጣ ግን ሸክሙን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ጥለን ዞር አልን። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ዕብራይስጥ ከጀመርነው መሀል አምስት ስድስት ሰው ተራ እንግባ። አንዱ በሳምንት አንድ ቀን ኩፓት ሆሊም ይሂድ፤ አንዱ ደብዳቤ ያንብብ። የማይችለው ደግሞ ቡና ያፍላ። ሐሙስ ማታ ከኡልፓን በኋላ ታችኛው ክፍል እንገናኝና ስም እንጻፍ። እኔ የመጀመሪያውን ተራ ይዣለሁ።

ለአቶ ዮና በጊዜያቸው ብዙ ድጋፍ አልደረሰላቸውም። እሳቸውን ዛሬ ማገዝ አንችልም። ጎረቤታችንን ግን እንችላለን።

ሰላም ሁኑ፤ ለሚቀጥለው እትም ያገናኘን።