ለሰብል የጎደለውን ፈላጊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ

በክረምቱ አጋማሽ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ ማዳበሪያ መጨመር ነው። የትኛው ማዳበሪያ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ አጥብቀው ካነሡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። መልሱን ፍለጋ ሲደክም ራሱም ተሳስቶ ገበሬዎችን ለኪሳራ ዳርጓል።

ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1803 ዳርምሽታት በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀለምና ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን እያዘጋጀ የሚሸጥ ነጋዴ ስለነበር፣ ልጁ ቅመማን የለመደው በቤቱ ነው። በ13 ዓመቱ፣ በ1816፣ አውሮፓ ሙቀት የሌለው በጋ አሳለፈች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፀሐይን ጋርዶ ስለነበር ሰብል ሳይደርስ ቀረ፣ እህል ተወደደ፣ ሕዝብ ተራበ። ሊቢግ በልጅነቱ ያየው ረሃብ ይህ ነበር።

ቦን፣ ኤርላንገንና ፓሪስ ከተማረ በኋላ በ1824 በጊሰን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ዕድሜው ገና 21 ነበር። ተማሪዎች በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ቤተ ሙከራው ከብዙ አገር ወጣቶችን ሳበ። በ1840 ደግሞ ኬሚስትሪን ከእርሻ ጋር ያገናኘውን መጽሐፉን አሳተመ።

በዘመኑ ብዙ ምሁራን ተክል የሚመገበው ከበሰበሰ ፍግና ቅጠል የሚገኘውን ጥቁር አፈር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሊቢግ ይህን ተቃወመ። ተክል ካርቦንን ከአየር፣ ፎስፈረስን፣ ፖታሽንና ሌሎቹን ማዕድናት ደግሞ ከአፈር ይወስዳል አለ። የአንድን ሰብል ምርት የሚወስነውም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ በጣም ያነሰው እንደሆነ አስተማረ፤ ፎስፈረስ ያጠረው ማሳ ሌላው ሁሉ ቢትረፈረፍለት እንኳ ምርቱ ከፎስፈረሱ ልክ አያልፍም። በእርግጥ ሐሳቡን ቀድሞ የጻፈው ካርል ሽፕሬንገል የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ነበር። ዓለም ግን በሊቢግ ስም ያውቀዋል፤ ሊቢግ ጮሆ መናገርም መከራከርም ይችልበት ነበርና።

ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰብል የሚበቃውን ናይትሮጂን በዝናብ ውስጥ ካለው አሞኒያ ያገኛል ብሎ ስላመነ፣ በ1845 በእንግሊዝ ለገበያ የቀረበው ማዳበሪያው በማዕድን ላይ ያተኮረ ነበር። ዝናብ አጥቦ እንዳይወስደው በማሰብም በቀላሉ በውኃ እንዳይሟሟ ተደርጎ ተዘጋጀ። ያልሟሟውን ማዳበሪያ ሥር ሊጠጣው አልቻለም። የገዙት ገበሬዎች ገንዘባቸውን አውጥተው ለውጥ አላዩም።

በዚያው ወቅት ጆን ሎውስና ሄንሪ ጊልበርት በእንግሊዝ ሮታምስቴድ በተባለ ስፍራ ሙከራ እያካሄዱ ነበር። ጊልበርት በጊሰን የሊቢግ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ብሮድባልክ በተባለው ማሳ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ በየረድፉ እየዘሩ ለአንዱ ማዕድን ብቻ፣ ለሌላው ማዕድንና አሞኒያ ሰጡ፤ አንዱን ያለ ምንም ተዉት። ማዕድን ብቻ ያገኘው ምንም ካላገኘው እምብዛም አልተሻለም። ናይትሮጂን የተጨመረበት ግን ምርቱ በእጅጉ ጨመረ። የመምህሩን ሕግ ትክክለኛነት ያሳየውም፣ የመምህሩን ግምት ያፈረሰውም ይኸው ማሳ ነው፤ በዚያ ስንዴ ያነሰው ናይትሮጂን ነበር።

ከሊቢግ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የጎደለውን ከቅጠሉ መለየት የሚቻልበትን መንገድ አስፋፍተዋል። ናይትሮጂን ያጠረው በቆሎ ቢጫ መሆን የሚጀምረው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው፤ ቢጫነቱም ከጫፉ ተነሥቶ በመሐሉ ወደ ግንዱ ይወርዳል። ተክሉ ያለውን ናይትሮጂን ካረጀው ቅጠል እየነጠቀ ለለጋው ስለሚሰጥ ነው። ሰልፈር ሲያጥር ግን ቀድሞ የሚገረጣው የላይኛው ለጋ ቅጠል ነው። ብረት ያጣ ተክል በለጋ ቅጠሉ ላይ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው መካከላቸው ቢጫ ይሆናል። ፖታሽ ያነሰው የታችኛው ቅጠሉ ዳር ዳሩን እንደተለበለበ ይደርቃል። ፎስፈረስ ያጠረው ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሳይሆን ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይቀጭጫል።

የጎደለው ማዳበሪያ ላይሆንም ይችላል። በጥቁር አፈር ላይ ውኃ የተኛበት ስንዴ ሥሩ አየር ስለሚያጣ ቢጫ ይሆናል፤ ውኃው ሳይጠነፈፍ ዩሪያ ቢበተንበት ብዙው ይባክናል። አሲዳማ አፈር ደግሞ የተጨመረለትን ፎስፈረስ ያስረዋል፤ በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ የሚቀድመው ኖራ ነው። ቅጠሉን ካዩ በኋላ ሥሩን ነቅሎ ማየትና አፈሩን ማስመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሊቢግ በናይትሮጂን ጉዳይ ከሮታምስቴድ ሰዎች ጋር ለዓመታት ተከራከረ። በራሱም በጊሰን አቅራቢያ አሸዋማ መሬት ገዝቶ ማዳበሪያውን ሞከረ። አፈር ፖታሽንና አሞኒያን ይዞ እንደሚያቆይ፣ ዝናብም በቀላሉ እንደማያጥባቸው ሌሎች ካረጋገጡ በኋላ፣ በ1862 በወጣው የመጽሐፉ እትም ማዳበሪያውን እንዳይሟሟ ማድረጉ ስህተት እንደነበር በግልጽ አመነ። ለዝነኛ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም።

ከ1852 ጀምሮ በሙኒክ ሲያስተምር ቆይቶ በ1873 እዚያው አረፈ። እንደ ባቄላ ያሉ ጥራጥሬዎች ናይትሮጂንን በሥራቸው እባጭ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር እንደሚያገኙ የተገለጸው ከ13 ዓመታት በኋላ፣ በ1886 ነው። በብሮድባልክ ማሳ ላይ ምንም ያልተጨመረበትና ማዕድን ብቻ የሚጨመርበት ስንዴ ዛሬም በየረድፉ ይዘራል።