የጣናን ዓሦች ለይቶ የጻፈው ኤድዋርድ ሩፔል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ከመድረሱ በፊት የጉማራን ወንዝ፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ የርብን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በበጋ ከብት ይሰማራበታል፣ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህም ሩዝ የሚታፈስበት አገር ሆኗል። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ነው። በነሐሴና በመስከረም በድልድዩ ሥር፣ ከጣና ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣውን መንገደኛ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይኸኛውን መንገደኛ የአገሩ ዓሣ አጥማጅ ነጭ ዓሣ ይለዋል። እኛም ዛሬ፣ ነጭ ዓሣ የሚባለው ብዙ ወገን መሆኑን አስቀድሞ አይቶ በመጽሐፍ ያሰፈረውን የጀርመን ተወላጅ፣ የኤድዋርድ ሩፔልን የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል ኖቬምበር 20 ቀን 1794 ዓ/ም በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ የባንክ ሥራ የነበረው ባለጸጋ ስለ ሆነ ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ነገር ግን ጤናው ደካማ በመሆኑ አየር ይለውጥ ዘንድ ወደ ሞቃት አገር መሄድ ግድ ሆነበት፤ በ1817 ዓ/ም ግብፅንና ሲናን አይቶ ሲመለስም የንግዱን ሐሳብ ትቶት ነበር። ወደ ኢጣሊያ ሄዶ የእንስሳትንና የዕፀዋትን ትምህርት ተማረ፤ ከዋክብትን እየለኩ የአንድን ቦታ ልክ ማወቅንም አጠና። ከዚያ በኋላ ከ1822 እስከ 1827 ዓ/ም በኑብያ፣ በኮርዶፋንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተዘዋውሮ የሰበሰበውን ሁሉ በትውልድ ከተማው ለተቋቋመው ለዜንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር አስረከበ። ከወራሽነት ያገኘውን ሀብት በድግስና በሠረገላ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ሥራ ማዋሉ በዘመኑ ባለጸጎች ዘንድ የተለመደ አልነበረም።

በ1831 ዓ/ም ሩፔል ምጽዋ ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በጦርነት ተሸንፈው የሞቱት በዚያው ዓመት ነበር። በጎንደር የንጉሠ ነገሥትነት ስም ብቻ ቀርቶ ሥልጣኑ በየጁ መሳፍንት እጅ ነበረ፤ የእንደራሴነቱን ማዕርግ የያዙት ራስ ዓሊም ገና ልጅ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሣጥን አስጭኖ፣ የወፍ ቆዳና የዓሣ ማሰሮ ይዞ አገር ላገር መዞር ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

በ1832 ዓ/ም ሰሜን ተራራ ላይ ወጣ። ዛሬ የአገራችን መታወቂያ ሆነው በፖስታ ቴምብር ላይ የምናያቸውን ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም የእንስሳት ሊቃውንት በሳይንስ ደንብ ገልጾ ያሳወቀው ይህ ሰው ነው። ስም ሲያወጣላቸው የራሱን አገር ሹማምንት ስም አልለጠፈባቸውም፤ ዋልያ በላቲኑም ዋልያ፣ ጭላዳም ጌላዳ ሆነው ቀሩ። ቀበሮውም የሰሜን ስም ተሰጠው። የአገሩን ሰው ጠይቆ፣ የሰማውን መዝግቦ መሄድ ልማዱ ነበር።

ከዚያም ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀመጠ። በዚያም ከታወቁት ሊቃውንትና ዳኞች አንዱ ከነበሩት ከሊቅ አጥቁ ጋራ ወዳጅነት መሥርቶ፣ በእሳቸው እርዳታ የነገሥታትን ታሪክ የያዙ የብራና መጻሕፍት አገኘ። እነዚህም መጻሕፍት ዛሬ በፍራንክፈርት ይገኛሉ። ስለ ብራናው ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን ዓሣው ስለ ሆነ ወደዚያው እንመለስ።

ከጎንደር የጣናን ምሥራቅ ዳርቻ ተከትሎ እስከ ዓባይ ድልድይ ወረደ። ይህ መንገድ በፎገራ የሚያልፍ፣ ርብንና ጉማራን የሚያሻግር ነው። ከሐይቁ ያገኛቸውን ዓሦች አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1835 ዓ/ም እየለየ ጻፋቸው። ላቤዎባርበስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው እሱ ሲሆን፣ ዛሬ ይህ ስም በመላው አፍሪካ ወንዞች ለሚኖሩ ብዙ ዓሦች መጠሪያ ሆኗል። ከሰጣቸው ስሞች መካከል በሶና ጎርጓሪ የሚሉ አሉ፤ ጎርጓሪ የሚለውን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ቃሉ ከማን አፍ እንደ ወጣ ለመጠርጠር አያዳግተውም።

ሩፔል ያየው ነገር ለምን ትልቅ እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ወደ ደሴቶች መሻገር ያስፈልጋል። ማዳጋስካር ከሦስት መቶ የሚበልጡ የእንቁራሪት ዓይነቶች አሏት፤ ከጥቂቶቹ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። እንቁራሪት ጨው ውሃ አቋርጦ መሄድ ስለማይችል እዚያው ተዘግቶበት፣ በየጫካውና በየጅረቱ እየተለያየ ሄዶ ነው። የእኛም ደጋ እንደዚሁ ያለ ደሴት ነው፤ በባሕር ፈንታ ቆላ ከብቦታል። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ሰባ ከሚበልጡ የእንቁራሪት ዓይነቶች ውስጥ ከመቶ አርባ ያህሉ የዚህ አገር ብቻ የሆኑትም ስለዚህ ነው። ለዓሣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የዓሣ ደሴት በየብስ የተከበበ ውሃ ነው። ጣና ከሌላው የዓባይ ውሃ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተለይቷል፤ አርባ ሜትር ገደል ዘሎ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። በዚህ ተዘግቶ የቀረው ነጭ ዓሣ፣ አንዱ ከጭቃ ትል የሚለቅም፣ ሌላው ሣር የሚግጥ፣ ሌላው በአለት ላይ ያለውን የሚፍቅ፣ ሌላው ደግሞ ሌላ ዓሣ የሚያሳድድ እየሆነ ተከፋፈለ። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ከሌላቸው ከዚህ ዘር ውስጥ ስምንት ያህል ዓሣ በላተኞች መውጣታቸው ለሊቃውንት የሚያስደንቅ ነው።

ይሁን እንጂ በ1973 ዓ/ም ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ሁሉም መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዓሣ ነው ብሎ ሩፔልና ሌሎች የለዩዋቸውን በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በመጽሐፍ ላይ የተደረገ የስም ነገር ቢመስልም በውሃው ውስጥ ላለው ዓሣ ቀላል አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ አንዱ መልክ ቢጠፋ ማንም አይቆጥረውምና። በ1990ዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት እያንዳንዱ የሚበላውን፣ የሚኖርበትንና የሚራባበትን መርምረው የሩፔልን አሳብ መለሱት፤ የጣና ላቤዎባርበሶች ዐሥራ ሰባት ያህል መሆናቸውንና አብዛኞቹ ከጣና በቀር እንደማይገኙ አስረዱ።

ከእነዚህ ሰባት ያህሉ የሚራቡት በወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብና በሌሎቹ ገባሮች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ሜዳውን አቋርጠው፣ ንጹሕ ውሃና ጠጠር ወዳለበት ወደ ላይኛው ጅረት ይወጣሉ። ጥፋቱም የሚያገኛቸው እዚህ ነው። ከ1986 ዓ/ም ጀምሮ በጣና ላይ በሞተር ጀልባ የሚጣል የናይለን መረብ ገባ፤ ቀድሞ በደንገል ታንኳ ብቻ ይሠራ ነበር። መረቡን በወንዙ አፍ ለዘረጋ ሰው የዓመቱ እናት ዓሣ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ከእጁ ይገባል። በዚህ ላይ በወንዙ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ። ከ1991 እስከ 2001 ዓ/ም ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራቱ ሦስቱን እጅ ያህል እንደ ቀነሰ በሊቃውንት ተለክቷል። ከዚያ ወዲህም የአሸዋ ቁፋሮው፣ ለመስኖ የሚሳበው ውሃና በርብ ላይ የተሠራው ግድብ ተጨምረዋል፤ በ2011 ዓ/ም የታየው እምቦጭም የሐይቁን ዳር ይዟል። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ማጠጣቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በእሱ ነው። ነገር ግን ውሃው ለሩዝም ለዓሣም እንዲበቃ መቼ፣ ስንት፣ ከየት እንደሚቀዳ መወሰን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ሰው ሥራ ነው።

ከጣና ጋራ የሚነጻጸር አንድ ሐይቅ በፊሊፒንስ፣ ሚንዳናዎ በተባለችው ሞቃት ደሴት ላይ ነበረ፤ ላናዎ ይባላል። በዚያም ከአንድ ዘር የተከፋፈሉ ብዙ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ከውጭ የመጣ በላተኛ ዓሣ ተለቀቀባቸው፣ ማጥመዱም ልክ አጣ፤ በ2020 ዓ/ም ዐሥራ አምስቱ ፈጽመው እንደ ጠፉ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አስታወቀ።

ሩፔል ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው የጻፈውን ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ ከ1838 እስከ 1840 ዓ/ም አሳተመ። በ1839 ዓ/ም የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በኋለኛው ዘመኑ ልቡ ወደ ጥንታዊ ገንዘብ ምርምር አዘነበለ። ወጣት ሳለ ጤና የጎደለው ይባል የነበረው ይህ ሰው ዘጠና ዓመት ኖሮ ዲሴምበር 10 ቀን 1884 ዓ/ም በተወለደበት በፍራንክፈርት ሞተ። ከጣና የወሰዳቸው ዓሦች በዚያው ከተማ በዜንከንበርግ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ በሶ ወይም ጎርጓሪ ማለት የትኛው ዓሣ እንደ ሆነ ጥያቄ ሲነሣ ሊቃውንት ዛሬም የሚያመሳክሩት በእነዚሁ ነው።