ጀምስ ብሩስና የዓባይ መንገድ

በባሕር ዳር የምንኖር ሰዎች ዓባይን ለማየት ጓዝ ጭነን መነሣት አያስፈልገንም። ከጣና ሲወጣ በከተማችን ጫፍ ያልፋል፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላም ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል ጀምስ ብሩስ የተባለውን ሰው ብዙዎቻችን በስሙ ብቻ እንጂ በሥራው የማናውቀው። ይህ ሰው ያንኑ እኛ በየቀኑ የምናየውን ውሃ ከምንጩ ለማየት ሲል ከዐሥር ዓመት በላይ በባዕድ አገር ተንከራትቷል፤ የጉዞ ጓደኛውን በሞት ተነጥቋል፤ ወደ አገሩ ሲመለስም ውሸታም ተብሏል። በአንዳንድ ነገር ደግሞ በእርግጥ ውሸታም ነበር። ስለዚህ ሕይወቱን ስጽፍ የሚመሰገንበትንም የሚወቀስበትንም ሳልደብቅ ለአንባብያን ለማቅረብ አስቤአለሁ። ዓመታቱ በእኛ አቈጣጠር ናቸው ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

ብሩስ በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ዲሴምበር 14 ቀን 1730 ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት። ካደገ በኋላ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ፀጉሩ ቀይ፣ ፈረስ ግልቢያና ተኩስ የሚያውቅ፣ ቍጡና ኩሩ ሰው ሆነ። ሕግ እንዲማር ተልኮ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ስላልተስማማው ተወው። በ1754 አድሪያና አለን የምትባል የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ሙሽራይቱም በዚያው ዓመት በሳምባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ዐረፈች። ከዚህ በኋላ ብሩስ በአንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነለትም። በንግድ ሰበብ ወደ እስፓኝና ወደ ፖርቱጋል ሄደ፤ ዐረብኛ መማር ጀመረ፤ በሉዶልፍ መጻሕፍት አማካይነትም ግዕዝን አጠና። አባቱ ሲሞት በወረሰው ርስት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ስለ ነበረ፣ ከሰሉን ካሮን ለሚባለው የብረት ፋብሪካ እየሸጠ የጉዞውን ወጪ የሚችልበት ገንዘብ አገኘ።

በ1763 የእንግሊዝ መንግሥት በአልጀርስ ቆንሲል አድርጎ ሾመው። በዚያም ዐረብኛውን አጠናከረ፤ ከሐኪሞችም ጥቂት ሕክምና ተማረ። ይህ ትምህርት በኋላ በአገራችን ከመድፍና ከወርቅ ይልቅ ጠቅሞታል። ሹመቱን ከለቀቀ በኋላ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ የጥንት ሮማውያንን ፍርስራሽ ሲያጠና ቈየ፤ አንድ ጊዜም መርከቡ ተሰብሮ በዋና ከሞት አመለጠ። በዚህ ሁሉ ጉዞ አብሮት የነበረው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ በ1737 በቦሎኛ የተወለደ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነው። የዚህን ወጣት ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ሁለቱ ሰዎች በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሱ። በአክሱም አልፈው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1770፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር የካቲት 9 ቀን 1762 ዓ.ም. ጐንደር ገቡ። ጊዜው ክፉ ነበር። ዐፄ ኢዮአስ ከተገደሉ ዓመት አልሞላም፤ በዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ቢቀመጡም ሥልጣኑ ሁሉ የትግሬው ገዥ የራስ ሚካኤል ስሑል ነበር። በቍስቋም ደግሞ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ የመሳፍንቱ ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ ሐኪም ነው ስለ ተባለ ተጠራ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር መድኃኒት መስጠት አይደለም፤ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፍቶ ንጹሕ አየር አስገባ፣ ቤቱን አሳጠነ፣ በሆምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት መካከል የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌ ምንትዋብ ልጅና የራስ ሚካኤል ባለቤት ስለ ነበሩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዕቆብ እየተባለ የሚጠራው ይህ ፈረንጅ በቤተ መንግሥት ወዳጅ አገኘ። በጥይት ፈንታ የሞራ ሻማ በጠመንጃ አጕርሶ ሦስት ጋሻ መብሳቱም በወታደሮቹ ዘንድ አስከበረው።

እቴጌ ምንትዋብ የጉዞውን ምክንያት ሲሰሙ እጅግ ተገረሙ። ይህ ሰው ከኢየሩሳሌም በኩል መጥቶ፣ ተሸክሞት ሊሄድ የማይችለውን ረግረግ ለማየት ነፍሱን ይሸጣል፤ እርሳቸው ደግሞ የነገሥታት እናት ሆነው ሳለ፣ ኢየሩሳሌም ሄደው በጌታ መቃብር ደጃፍ እየለመኑ ለመኖር ቢመኙም መንገዱ አይገኝላቸውም። ይህን የጻፈው ራሱ ብሩስ ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ እርሱ ሊመልስ ያልቻለውን ነገር ሳይደብቅ አስቀምጦታልና።

የመጀመሪያው ሙከራው በግንቦት ወር ሆነ። ራስ ሚካኤል በዳሞቱ ፋሲል ላይ ሲዘምቱ ብሩስ ከሠራዊቱ ጋር በጣና ምሥራቃዊ ዳር ተጓዘ። በገደላማ ተራራ ላይ ሆና ሐይቁን ቍልቍል የምታየውን እንፍራንዝን አለፈ፤ በሐይቁ ዳር ጉማሬ እያደኑ የሚኖሩትን ወይጦዎችም ገለጠ። የእነርሱን የደንገል ታንኳ እኛ ዛሬም በወደባችን እናያለን። ከዚያም ከሰፈሩ ተነጥሎ ወደ አላታ ሄዶ ጢስ ዓባይንና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተመለከተ። በፏፏቴው ግርማ ተደነቀ፤ ቁመቱን ግን 40 ጫማ ገደማ ብሎ ጻፈ። ይህም 12 ሜትር መሆኑ ነው። ከዐርባ ሜትር በላይ መሆኑን ጢስ ዓባይን ያየ የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ቢሆን ሊነግረው ይችል ነበር! ከጢስ ዓባይ ወደ ላይ ወደ ምንጩ ለመሄድ ጦርነቱ አላስቻለም። ሠራዊቱ በሞላው ወንዝ ብዙ ተጐድቶ ወደ ጐንደር ሲመለስ እርሱም አብሮ ተመለሰ።

ምንጩ ያለበትን አገር የያዘው ፋሲል ነበር። መንገዱንም የከፈተለት ጦር ሳይሆን መድኃኒት ሆነ። ከፋሲል የጦር አለቆች አንዱ ከንፈሩ ላይ ክፉ ቍስል ወጥቶበት ስለ ነበር ብሩስ መድኃኒት ላከለት። ምን ዋጋ እንደሚፈልግ ሲጠየቅም የግሽን መንደርና ምንጩን ለመነ። ንጉሡም ግሽን በርስትነት ሰጡት። ኦክቶበር 28 ቀን ከጐንደር ተነሥቶ በሐይቁ ምዕራብ በኩል በደንገል በር አድርጎ ወደ ደቡብ ወረደ። ፋሲል በመጀመሪያ በንቀት ቢቀበለውም ኋላ ታርቆ ልጓምና ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ሰጠው። ፈረሱ እንዲጋለብ አልነበረም፤ ከፊት ከፊት እየተነዳ እንዲሄድ ነው። የአገሩ ሰው የፋሲልን ፈረስ ሲያይ እንግዳውን አይነካውምና ይህ ከማንኛውም የይለፍ ወረቀት የበለጠ ሆነ።

ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ቀኑን ወደ እኛ አቈጣጠር ብንመልሰው ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም.፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ነው። ከኮረብታው ላይ ሆኖ መሪው ወልዶ ከታች ያለውን ረግረግ አሳየው፤ ብሩስም በደስታ የወገቡን ቀይ የሐር መቀነት ፈትቶ ሰጠው። የአገሩ ሰዎች ውሃውን ስለሚያከብሩ ጫማውን እንዲያወልቅ ነገሩት። አወለቀና ቍልቍለቱን ሮጠ፤ የአበባ ሥር እያደናቀፈው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ምንጩ አጠገብ ሲቆም ግን ያሰበው ደስታ ብዙ አልቈየም፤ ወዲያው ኀዘን ወረደበት። ሲመኘው የኖረው ነገር በሣር የተከበበች ትንሽ ዐይን ሆነችበት፤ ገና የሚመለስበት መንገድ ሁሉ ደግሞ በፊቱ ተዘርግቶ ታየው።

ለግሽ ሰዎች ግን ምንጩ በዚያ ቀን የተገኘ ነገር አይደለም። ብሩስ ያረፈው የምንጩ ጠባቂ በነበሩት በክፍለ ዓባይ ቤት ነው፤ የጠባቂነቱም ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነበር። ሕዝቡም አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ በአደራ ሰጥተው ኋላ ሳይርሱ እንደ ተቀበሉት ይተርካል። ከፈረንጆች ወገን እንኳ ቢቈጠር ብሩስ የመጀመሪያው አልነበረም። እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቶ ጽፏል፤ ይህም ከብሩስ 152 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ፓኤዝ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞቷል። ብሩስ ይህን እያወቀ ፓኤዝ ከቦታው አልደረሰም ብሎ ተከራከረ።

ከዚህ የከፋው በባሉጋኒ ላይ ያደረገው ነው። ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዶ ነበር፤ በእጁ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ይመሰክራል። በ1771 ጐንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ሞቱን ከግሽ ጉዞ በፊት አድርጎ ጻፈው፤ በምንጩ ዳር የቆመ አውሮፓዊ ሠዓሊ እንዳልነበረም አስመሰለ። በጠላት የሚጨክን ብዙ ነው፤ በሞተ ጓደኛ ላይ እንዲህ ማድረግ ግን ለምን አስፈለገው? ሩጫውና ድካሙ የራሱ ነበር፤ ማንም አይወስድበትም ነበር።

ብሩስ ከጐንደር የወጣው ዲሴምበር 26 ቀን 1771 ነው። በስናር ብዙ ወራት ተያዘ፤ የኑብያን በረሃ ሲሻገር ግመሎቹ አለቁ፤ እግሩ አብጦ መሄድ ሲያቅተው ወረቀቶቹንና መሣሪያዎቹን በአሸዋው ላይ ጥሎ አስዋን ገባ። እዚያም ትንሽ እንዳገገመ ግመል ይዞ ተመልሶ አነሣቸው። ይህን ሳነብ ስለ ባሉጋኒ የነበረኝ ቍጣ ትንሽ በረደ።

በ1774 ለንደን ሲገባ ብዙዎች አላመኑትም። ከሕያው ላም ሥጋ ተቈርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱ ግን ውሸት ሊባል አይገባም ነበር፤ ብርንዶ የማይቀርብበት ሠርግ በአገራችን ጥቂት ነው። ከተጠራጠሩት አንዱ ታዋቂው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ እርሱም በወጣትነቱ፣ በ1735፣ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን የሎቦን መጽሐፍ የተረጐመ ስለ ነበር አገሩን የሚያውቅ መስሎት ነበር። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ በ1776 እንደ ገና አገባ። ሁለተኛይቱ ሚስቱ በ1785 ስትሞትበት ኀዘኑን ለመርሳት መጻፍ ጀመረና በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ።

የዓባይ ነገር ከእርሱም በኋላ አላለቀም። ከካርቱም ወደ ደቡብ የሚሄደው ነጭ ዓባይ በርዝመት እንደሚበልጥ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅም እንደሚወጣ ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1862 አረጋገጠ። በውሃ ብዛት ግን የእኛው ዓባይ ይበልጣል።

ለእኔ የብሩስ ትልቁ ሥራ ምንጩ ሳይሆን ይዞት የተመለሰው ጓዝ ነው። በአውሮፓ ሙሉው ጠፍቶ የነበረውን፣ በእኛ አገር ግን በግዕዝ የተጠበቀውን መጽሐፈ ሄኖክ በሦስት ቅጂ ወሰደ፤ አንዱ ፓሪስ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ቀርቶ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሟል። ተቅማጥ ሲይዘው የዳነበት የአገራችን ዋጊኖስም በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ በእርሱ ስም ብሩሲያ ተብሎ ይጠራል። ባሉጋኒ የሣላቸው የኢትዮጵያ ዕፀዋት ሥዕሎችም በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ ሊቃውንት መርምረዋቸው በ1991 በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ ወጥቶላቸዋል። ጓደኛው የነፈገውን ስም ከ220 ዓመት በኋላ ሌሎች መለሱለት።

በኤፕሪል 1794 ብሩስ በቤቱ እንግዶች ጋብዞ ሳለ አንዲት እመቤት ወደ ሠረገላዋ ልትሄድ ስትል ሊሸኛት በደረጃው ተጣደፈ። በረሃውንና ጦርነቱን ያለፈው ሰው እግሩን አዳልጦት በራሱ ወደቀ፤ ኤፕሪል 27 ቀንም በ63 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሁለተኛይቱ ሚስቱ ጋር ሲሆን የቆመለት ሐውልት ከብረት የተሠራ ነው። ብረቱንም ያቀለጠው ከሰሉን ይገዛው የነበረው የካሮን ፋብሪካ ነው።