ሜችኒኮፍና የአንጀታችን ዘበኞች

ኢልያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኮቭ አካባቢ ተወለደ። የእንስሳት ጥናት ምሁር ነበር። በ1882 በኢጣልያ ሜሲና ከተማ ሳለ፣ ገላው እንደ መስተዋት በሚያሳይ የባሕር ኮከብ ዕጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። ሲነጋ ቢያይ ሕዋሳት እሾሁን ከበውታል። ሰውነት ጀርም የሚውጡ ዘበኞች እንዳሉት በዚህ ተረዳ። ብዙ ሊቃውንት ቢቃወሙትም አልተበገረም፤ በ1908 የኖቤልን ሽልማት ከፓውል ኤርሊክ ጋር ተካፈለ። በኋላ ዘመኑ ስለ አንጀትና ስለ እርጎ ሲመራመር ቆይቶ በ1916 ፓሪስ ላይ አረፈ።

ታዲያ እነዚህ ዘበኞች በአንጀታችንም ግድግዳ ውስጥ አሉ። የሻጋታ መርዝ ግን እንደ ጀርም ተውጦ የሚያልቅ አይደለም፤ እንዲያውም አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ዘበኞቹን ራሳቸውን ያዳክማል፣ ጉበትንም ይጎዳል። ቢቀቀል ቢጋገርም አይጠፋም፤ ለላም ቢሰጥ በወተቷ ተመልሶ ይመጣል።

እህል መጣል ያሳዝናል፤ ልጅ መታመሙ ግን ይብሳል። ስለዚህ እኛ ደብረ ሲናዎች ከቆላ የሚመጣውን ማሽላና በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ አናስቀምጥ፤ የሻገተውንም አንብላ። ነገ ክፍል ስንገባ ይህንኑ እናስተምር።