ጀርሲ ፍሌግ፦ 31 ዓመት በወንበር ላይ

ሲድኒ ውስጥ «ጀርሲ ፍሌግ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የራግቢ ሊግ የወጣቶች ዋንጫ ነው። ዋንጫው ስሙን ያገኘው ግን ከአንድ ኃይለኛ አለቃ ነው።

ሄንሪ ፍሌግ በ1878 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ፣ ቦልተን ተወልዶ ሲድኒ አደገ። በዚያ ዘመን የራግቢ አለቆች የስታዲየም መግቢያ ገንዘቡን ይሰበስባሉ፤ ተጫዋቹ ተጎድቶ ከሥራ ቢቀር ግን የሚያየው የለም። ይኼ የመረራቸው በ1907 አፈንግጠው የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ። በ1908 የመጀመሪያው ውድድር ሲጀመር የኢስተርን ሰበርብስ አምበል ፍሌግ ነበር።

አዲሱ ቤትም ወዲያው ታመሰ። መሥራቾቹ ጊልቲናን፣ ሆይልና የክሪኬቱ ኮከብ ትራምፐር በ1909 በሒሳብ ጭቅጭቅ ተባረሩ።

ፍሌግ ግን ሰነበተ። በ1929 የኒው ሳውዝ ዌልስ ሊግ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1941 የአውስትራሊያን ቦርድ መሪነት ደረበበት። በ1960 እስኪሞት ሁለቱንም አልለቀቀም። ሠላሳ አንድ ዓመት! በአለቆች ላይ ያመፁ ተጫዋቾች በመሠረቱት ስፖርት እንዲህ ዓይነት ወንበር መገኘቱ ትንሽ ግር ይላል።

በስሙ የተሰየመው የወጣቶች ውድድር በሞተ በዓመቱ፣ በ1961 ተጀመረ። ለታዳጊዎቹ የተፈጠነውን ያህል ለአስተዳደሩ አልተፈጠነም። የሊጉ መዋቅር የተለወጠው በ1983 ሲሆን፣ ከክለቦች ነፃ የሆነ ኮሚሽን የአውስትራሊያን ራግቢ ሊግ የተረከበው በ2012 ነው፤ ፍሌግ ከሞተ 52 ዓመት ቆይቶ።