ጆን ኮልማን

ጆን ዳግላስ ኮልማን (ኖቬምበር 23 ቀን 1928 እ.ኤ.አ. – ኤፕሪል 5 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1921 – መጋቢት 27 ቀን 1965 ዓ.ም.) የአውስትራሊያ ፉትቦል ተጫዋችና አሰልጣኝ ነበር። ለሜልቦርኑ ኤሰንደን ክለብ 98 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ 537 ጎል አስቆጥሯል። ይህም በአንድ ጨዋታ በአማካይ 5.48 ጎል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአውስትራሊያ ፉትቦል እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱም በእጅ ይያዛል። በሜዳው ጫፍ አራት ቋሚዎች አሉ። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሃል የገባ ምት ጎል ይባላል፣ 6 ነጥብም ያስገኛል። በጎን በኩል ያለፈው ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው። የተመታን ኳስ አየር ላይ አጥርቶ የያዘ ተጫዋች «ማርክ» አገኘ ይባላል፤ ማንም ሳይነካው የመምታት መብት ይሰጠዋል። ኮልማንን ታዋቂ ያደረገው በተለይ ይኸው ማርክ ነው።

ልጅነትና አመጣጥ

በቪክቶሪያ ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በፖርት ፌሪ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በኋላ ቤተሰቡ ከሜልቦርን ደቡብ ምሥራቅ ወዳለችው ሄስቲንግስ ስለሄደ ለዚያች ትንሽ ከተማ ቡድን መጫወት ጀመረ።

ኤሰንደን እንዲህ ያለ ሰው ለምን እንደፈለገ ለመረዳት የ1948ቱን የፍጻሜ ጨዋታ ማየት ይበቃል። ኤሰንደን 7 ጎልና 27 ነጠላ ነጥብ፣ ሜልቦርን ደግሞ 10 ጎልና 9 ነጠላ ነጥብ አስቆጥረው 69 ለ69 ተለያዩ። ኤሰንደን ብዙ መትቶ ብዙውን ስቷል ማለት ነው። በድጋሚው ጨዋታ ዋንጫውን ሜልቦርን ወሰደ።

የተጫዋችነት ዘመኑ

ኤፕሪል 16 ቀን 1949 በኤሰንደን ሜዳ በዊንዲ ሂል ከሆቶርን ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ 12 ጎል አስቆጠረ። ዕድሜው 20 ነበር። በዚያው ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ ኤሰንደን ካርልተንን በ73 ነጥብ ልዩነት ሲያሸንፍ፣ ኮልማን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የዓመቱን 100ኛ ጎሉን አገባ። በ1950 ቁጥሩን ወደ 120 አደረሰ፤ ኤሰንደንም ኖርዝ ሜልቦርንን አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ።

ቀጠን ያለ፣ መለያ ቁጥሩም 10 የሆነ አጥቂ ነበር። ከግቡ ፊት ቆሞ ይጠብቅና ኳሱ ሲመጣ ከተከላካዮቹ ኋላ ተነሥቶ ከራሳቸው በላይ ይዘላል። ደጋፊዎች ለዓመታት ሲያወሩት የኖሩት ይህን ዝላይ ነው። ቡድኖች በየሩብ ጨዋታው የሚያጠቁበትን አቅጣጫ ስለሚለውጡ፣ ብዙ ተመልካች እሱ የሚያጠቃበትን ግብ እየተከተለ ከሜዳው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይጓዝ ነበር። ተከላካዮች በበኩላቸው መያዝን፣ መጎተትንና መምታትን እንደ ዘዴ ይዘውት ነበር።

የ1951 እገዳ

በ1951 ከማጣሪያው በፊት በነበረው የመጨረሻ መደበኛ ጨዋታ ከካርልተኑ ተከላካይ ሃሪ ካስፓር ጋር ተማታ። በጊዜው የቀረበው ምስክርነት ኮልማን የመታው ከተመታ በኋላ እንደሆነ ያሳይ ነበር። የሊጉ የዲሲፕሊን ችሎት ግን ሁለቱንም እኩል በአራት ጨዋታ አገዳቸው። ኮልማን ከችሎቱ እያለቀሰ ወጣ።

ኤሰንደን ያለ እሱ ለፍጻሜ ደርሶ በጂሎንግ በ11 ነጥብ ተሸነፈ። የደጋፊዎቹ ቁጭት በቀላል ሒሳብ ይገለጻል፤ 11 ነጥብ ከሁለት ጎል ያንሳል፣ እሱ ደግሞ በአማካይ ከአምስት ጎል በላይ ያገባል። ለተከታታይ ሦስተኛ ጊዜ ሊወሰድ የነበረ ዋንጫ በችሎት ተወሰደብን የሚለው ስሜት ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። ሒሳቡ ግን ሙሉ አይደለም። ጂሎንግ በቀጣዩ ዓመትም ሻምፒዮን የሆነ ጠንካራ ቡድን ነበር፤ በፍጻሜ ቀን ደግሞ አማካይ ቁጥር አይሰለፍም። ቅጣቱ እኩል መሆኑ ግን ዛሬም ለማስረዳት ይከብዳል።

ጉዳት

በ1952 103፣ በ1953 ደግሞ 97 ጎል አስቆጠረ። በ1954 በሰባተኛው ሳምንት ፊትዝሮይ ላይ በአንድ ጨዋታ 14 ጎል አገባ። በሳምንቱ ከኖርዝ ሜልቦርን ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። ያኔ 25 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዓመት በስምንት ጨዋታ 42 ጎል ነበረው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለመመለስ ቢሞክርም ሳይሆንለት ቀረ።

ቴሌቪዥን በሜልቦርን ሥራ የጀመረው በ1956 ነው። ስለዚህ የኮልማን ጨዋታ በቴሌቪዥን አልተላለፈም፤ የቀረውም ጥቂት አጭር የዜና ፊልምና ፎቶግራፍ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ታላላቅ አጥቂዎችን ማንም ደጋግሞ ማየት ይችላል። እሱን ግን ያየው በአካል ሜዳ የተገኘ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ከቁጥሮቹ ውጪ ያለው ዝናው የቆመው በተመልካቾቹ ትዝታ ላይ ነው። ትዝታ ዝላይን ከፍ ያደርጋል ብሎ መጠራጠር ይቻላል፤ 537 ጎሉ ግን የተመዘገበ ነው።

አሰልጣኝነትና የመጨረሻ ዓመታት

ከ1961 እስከ 1967 ኤሰንደንን አሠለጠነ። በ1962 ካርልተንን፣ በ1965 ሴንት ኪልዳን በፍጻሜ አሸንፎ ሁለት ዋንጫ አስገኘ። በተጫዋችነት ያመለጠው የሦስተኛ ዋንጫ ቁጭት በዚህ ለአንዳንዱ ደጋፊ ቀሎለታል፤ ለሌላው አልቀለለም።

ከዚያ በኋላ ሄስቲንግስ ባለችበት ልሳነ ምድር በድሮማና ሆቴል ያስተዳድር ነበር። በዚያው በልብ ሕመም በ44 ዓመቱ አረፈ።

መታሰቢያ

ከ1981 ጀምሮ በመደበኛው ውድድር ብዙ ጎል ላስቆጠረ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት «የኮልማን ሜዳሊያ» ይባላል። በ1996 የአውስትራሊያ ፉትቦል የክብር መዝገብ ሲከፈት በከፍተኛው የ«ሌጀንድ» ደረጃ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዎች አንዱ ሆነ። በሜልቦርን ክሪኬት ግራውንድ ስታዲየም ውጪም ሐውልት ቆሞለታል።