ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁና የማንኩሳው ተማሪ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ማንኩሳን ያልፋል። ስፍራይቱ ትንሽ ብትሆንም ስሟን ያልሰማ የአማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ በዛብህ የተወለደባት ናትና። ተማሪን ያለ ዱላ ስለ መግራት ክርክር በበዛበት በዚህ ጊዜ የደራሲውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት ብናወሳ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ክቡር ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እስከ ቅኔ ተማሩ። በዚያ ዘመን በየኔታ ፊት አለንጋና ቁንጥጫ የተለመደ ነበር፤ ለሚኮበልል ልጅም እግረ ሙቅ ነበረ። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። ተማሪው ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በአለንጋ የሚወጣ ቅኔ የለም። ጠባቂ የሌለበትን ይህን ሥርዓት ያጸናው በባልንጀራ ፊት ማፈር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚያም በአዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ተምረው ወደ ጎጃም ተመለሱ፤ አስተማሪም ሆኑ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም በኢጣልያ ለብዙ ዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነት አገለገሉ፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆኑ።

ዝነኛው መጽሐፋቸው በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በዛብህን ወላጆቹ በሕመሙ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውት ነበር። ጨካኞች አልነበሩም፤ አጥብቀው ይወዱት ነበር። ነገር ግን ልጁ ሳይጠየቅ ዕድሜ ልኩ ተወሰነ፤ ሰብለን በወደደ ጊዜ ስእለቱ መንገዱ ላይ ቆመ። በእኛ አስተያየት ዱላ ያልነካው ማስገደድም ማስገደድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ያሳየ መጽሐፍ የለንም።

ዛሬ አስተማሪን የሚያስቸግረው ተማሪው በደብተሩ ሥር የሚደብቀው ስልክ ነው። ነጥቆ በቁጣ መቀማት ቀላል ነው፤ ስልኩ ግን በማግሥቱ በሌላ ኪስ ይገባል። ተማሪዎቹ ራሳቸው መክረው ስልኩን ትምህርት ሳይጀመር ለክፍል አለቃቸው ቢያስረክቡ፣ ሲወጡም ቢረከቡ፣ ከቅኔ ቤቱ ሥርዓት የሚርቅ አይመስለንም። በአካል መቅጣትንማ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ከተማሪ ቤት አስወጥቶታል።

ክቡር ሐዲስ ይህ ድንጋጌ ሲወጣ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው።